ዛፍ የሌለበት ሥዕል

እናቴ አዋሽ ውስጥ፣ ከባድ መኪኖች አርፈው ከሚያልፉበት ጥግ፣ ቁርስ ቤት አላት። ፉል፣ እንቁላል፣ ሻይ፣ ሲገኝ ደግሞ ጥብስ። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ሹፌሮች ሁሉ ያውቋታል። አባቴም ከእነሱ አንዱ ነበር፤ ከወሎ አምጥቶ እዚህ ሙቀት ውስጥ የተከላት እሱ ነው። እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ሞተ። ከእኔ በቀር ልጅ የላትም። ወንድም ቢኖረኝ፣ እህት ብትኖረኝ፣ ይህን ታሪክ የምጽፈው በሌላ መልክ ነበር፤ ምናልባትም ጭራሽ አልጽፈውም ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ምደባዬ ሰመራ መሆኑ ሲሰማ የሰፈሩ ሰው አዘነልኝ። “ውይ፣ ያ ሙቀት!” አሉ። የአዋሽ ሰው ስለ ሙቀት ሲያዝንልኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። የማጠናውን ሲሰሙ ግን ኀዘኑ የእውነት ሆነ። ሥዕልና ሙዚቃ። ነርስነት አይደለ፣ አካውንቲንግ አይደለ። ከጎረቤት ባለሱቆች አንዱ፣ “ይኼ ደግሞ ትምህርት ነው? ይኼማ ጨዋታ ነው” ብሎ ለእናቴ ነገራት። እናቴ ብርጭቆ እያጠበች፣ “አንተ ምን አለብህ፣ ዕድሜ ልኳን በከሰል ግድግዳ ስትጨርስ የኖረችው የእኔን ቤት ነው። አሁን ደግሞ የመንግሥትን ወረቀት ትጨርስ” አለችው። ሰውየው ከዚያ በኋላ ምክሩን ለራሱ አደረገው።

የእኛ ትምህርት ክፍል ሁለቱን አብሮ ነው የሚያስተምረው፤ ጠዋት ሥዕል፣ ከሰዓት ሙዚቃ። እንዲህ የሆነው በሙቀቱ ምክንያት ነው። ከረፋዱ በኋላ ቀለሙ ገና ሳንነካው ይቆረፍዳል፣ ላባችን ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። የምንስልበትን ሸራ የምናዘጋጀው ራሳችን ነን። ሎግያ ካለ አናጺ ፍሬሙን እናሠራለን፣ አቡጀዴ ገዝተን እንወጥርበታለን፣ ኮላ በውኃ አቅጥነን እንቀባዋለን፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን ነጭ ቀለም እንደርብበታለን። ሌላ አገር ያሉ ተማሪዎች ኮላው እስኪደርቅ አድረው እንደሚጠብቁ መምህራችን ሲነግረን አላመንነውም። እኛ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ደርቋል።

የሥዕሉ መምህር ደረቅ ሰው ነበር። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ “እጅ ሁሉም ሰው አለው። እዚህ የመጣችሁት ማየት ልትማሩ ነው” አለን። አንድ ቢጫ ጀሪካን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሳምንት ሙሉ እሱኑ አሳለን። ሰለቸን ስንለው፣ “ገና አላያችሁትም” ይለናል። እኔ ይህን ነገር ከልክ በላይ አመንኩት። ሚኒባስ ውስጥ ሰው ላይ አፍጥጬ “ምን ፈልገሽ ነው?” እስከ መባል ደረስኩ። ሰው ሲዋሽ የትኛው ቅንድቡ እንደሚነሳ አውቃለሁ እያልኩ ዶርም ውስጥ እፎክር ነበር።

የሙዚቃው መምህር ደግሞ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙሮ ኪቦርድ ይነካል፤ እኛ የሰማነው ድምፅ የትኛው እንደሆነ እንጠራለን። እዚህ ላይ ደህና ነበርኩ። ክራርም እሺ ብሎኛል። መዝፈን ሲመጣ ግን ክፍሉ በሙሉ ይዘጋጃል፤ ለመሳቅ። “ጆሮሽ ጎበዝ ነው” አለኝ መምህሩ አንድ ቀን፣ “ድምፅሽን ግን እግዜር ይሁነው።” ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት እስክታስል ድረስ ሳቀች።

የመጀመሪያው ዓመት አልቆ ቤት ስገባ፣ “እስቲ ቁጭ በይልኝ” አልኳት። ደንበኛ ቀለል በሚልበት ሰዓት በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ ያለበት ቦታ ተቀመጠችልኝ። በእርሳስ ሳልኳት። መስታወት አስገብተን ከምትቀመጥበት በላይ ሰቀልነው። ሹፌሮቹ እየገቡ፣ “ቁርጥ እሷን!” ይላሉ። አንዱ፣ “ልዩነቱ ይቺኛዋ አትቆጣም” ቢል እናቴ በማማሰያ አባረረችው። ጥጋብ ላይ ነበርን። ሰው ሲጠግብ አያውቀውም።

በሁለተኛው ዓመት ለዒድ ስመጣ ሥዕሉ ቦታው ላይ የለም። ምስማሩ ብቻ ቀርቷል።

“የት ሄደ?” አልኳት።

“አንስቼዋለሁ።”

“ለምን?”

“እንዲያው ይቅር ብዬ ነው፣ ልጄ። ነይ ይልቅ ብይ።”

ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ነው ይህን ያለችው። በዚያው ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር መሳል ሐራም ነው የሚለው ወሬ በርትቶ ነበር። ሰው የሳለ ሰው የቂያማ ቀን፣ በል በሳልከው ላይ ነፍስ ዝራበት ይባላል ሲሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። እናቴ ሰላቷን የማታዛንፍ ሴት ናት። አሃ፣ አልኩ በልቤ፣ ገባኝ። ወይ ሰዎች ነግረዋታል፣ ወይ ራሷ ፈርታልኛለች፤ እኔን ላለማስቀየም ብላ ዝም ብላ አወረደችው።

ለምን በቀጥታ አልጠየቅሻትም የሚለኝ ይኖር ይሆናል። እኛ ቤት ነገር እንዲያ አይሄድም። ብጠይቃት፣ “አዎ፣ የሰው ፊት አትሳይ” ልትለኝ ትችላለች፤ ካለችኝ ደግሞ የእናት ቃል ነው፣ መጣስ አልችልም። ካልጠየቅኳት ግን አልከለከለችኝም። አልከለከለችኝም ማለት ነገ ልስል እችላለሁ ማለት ነው። እናትና ልጅ ሳንቀያየም የኖርነው በዚህ ዘዴ ነው። እሷም በዚያው ዘዴ እኔን ይዛኝ እንደነበር ከየት ልወቅ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሥዕል መጠየቅ ተወች። ጁሙዓ ጁሙዓ ስትደውል፣ “ሙዚቃውንስ፣ ምን አስተማሯችሁ?” ትላለች። “እስቲ ክራሩን አሰሚኝ” ትላለች። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጬ እመታላታለሁ፤ ከወዲያ የሹፌሮች ጭብጨባ ይሰማል። ሥዕሎቼን ደግሞ ፎቶ እያነሳሁ አብራት ለምትሠራው ሴት በቴሌግራም እልካለሁ። ይህቺ ሴት ክርስቲያን ናት፤ ባሏ በመንግሥት ሥራ ከደጋ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ሞተባትና ቀረች። እትዬ ነው የምላት። በሁለተኛው ዓመቴ ነው ቁርስ ቤቱ የገባችው፤ እናቴ ጓደኛ አገኘች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። “አሳየኋት” ትለኛለች እትዬ። ቀጥሎ የእናቴ ድምፅ ይመጣል፤ “ማሻአላህ፣ በጣም ያምራል።” ሁልጊዜ ያችው ቃል። ምኑ እንደሚያምር አትነግረኝም።

ተናደድኩ። ሐራም ከሆነ ሁለቱም ነው እንጂ! ሥዕሉን የሚያወግዙት ሰዎች እኮ ክራሩንም አይምሩትም። ክራር እየተመታላት የልጇን ሥዕል የምትሸሽ ምን ዓይነት ነገር ናት እያልኩ ለዶርም ጓደኞቼ አማርር ነበር። ነገሩ እንደማይገጥም እያየሁ፣ ለምን እንደማይገጥም ግን አልጠረጠርኩም።

ብናደድም አልደፈርኳትም። ሰው መሳል ተውኩና ዛፍ ላይ ተጣድኩ። የአዋሽ ወንዝ ዳር ግራሮችን ሳልኩ። ገዋኔ ላይ መኪኖች የሚቆሙበት ጋ ያለችውን አቧራ የለበሰች ዛፍ ሳልኩ። ዱብቲ ድረስ በሚኒባስ ሄጄ ጥጥ እርሻው ጥግ ያሉትን ሳልኩ። አንዳንዴ፣ “ምን እየሳልሽ ነው?” ካለችኝ፣ “ዛፍ” እላታለሁ፣ እንዳከበርኳት ይግባት ብዬ። “ዛፍ ጥሩ ነው” ትላለች። በዚህ ዓይነት ዓመታት አለፉ፤ እኔ ለእሷ ስል ዛፍ እስላለሁ፣ እሷ ለእኔ ስትል ዛፍ ጥሩ ነው ትላለች።

ለእረፍት ቤት ስመጣም የማየው ነገር ነበር። የስኳሩን ጣሳ ከግራ ወደ ቀኝ ባዛውርባት ቤቱን በአንድ እግሩ ታቆመዋለች። “ዕቃዬን አታንቀሳቅሺብኝ አላልኩሽም!” እያረጀች ነው፣ አልኩ። ሻይ ስትቀዳ ደግሞ የጣቷን ጫፍ ብርጭቆው ውስጥ ታስገባለች። “እማ፣ ሰው ያይሻል፣ ነውር ነው” ስላት፣ “ሹፌር የታጠበ ጣት አይፈራም” አለችኝ፤ አጠገባችን የነበረው ሹፌርም “እውነቷን ነው” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቀልዱ ጥሩ ነበር። ጣቷ ሻዩ ጠርዝ መድረሱን የሚነግራት ብቸኛ ነገር መሆኑን ግን ያ ሁሉ ጀሪካን ሲያሳየኝ የከረመ ትምህርት አልነገረኝም።

አራተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ሥራ መጣ፤ አንድ ትልቅ ሥዕልና አንድ የሙዚቃ ዝግጅት። መምህሩ የዛፍ ንድፌን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ “ዛፍሽ ሰለቸኝ” አለ። “ሰው ሳይ። እናትሽን የሳልሽው የመጀመሪያ ዓመት ሥራሽ ከዚህ ሁሉ ይሻላል።”

“እናቴ አትወድልኝም መምህር፣ በሃይማኖት ምክንያት ነው” አልኩት።

“ነገረችሽ?”

“አልነገረችኝም፤ ግን አውቃለሁ።”

“እንግዲህ የምታውቂው ከሆነ” አለና ወደ ሌላው ተማሪ ሄደ።

በዚያ ዓመት ዒድ ወረቀትና ከሰል ይዤ አዋሽ ገባሁ። በበዓሉ ማግስት፣ እናቴ ምሳ ሠርታ ደክሟት በሩ ጋ ስትቀመጥ፣ ፊት ለፊቷ ሳጥን ላይ ቁጭ ብዬ ሳላስፈቅዳት መሳል ጀመርኩ።  አሁን ታየኛለች፣ አሁን ትቆጣለች ስል ምንም አላለችም። ቀጥ ብላ ወደ እኔ ዞራ፣ ሳትሸሽ ሳትሽኮረመም፣ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠችልኝ። ከሰሉ ወረቀቱ ላይ ሲፋጭ፣ “ምንድን ነው የሚፋጨው?” አለች። “የቤት ሥራ ነው” አልኳት። “እሺ” አለች። እንባዬ መጣ። እያወቀች እንዳላወቀች ሆና ፈቀደችልኝ ብዬ ነው። መርቃኛለች ብዬ ነው።

ሰመራ ተመልሼ የበር ቁመት በሚያህል አቡጀዴ ላይ ሳልኳት። በየማለዳው፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ ሌላው ተማሪ ገና ፊቱን ሳይታጠብ እጀምራለሁ። እንደዚያ ወድጄ የሠራሁት ነገር የለም። ሲያልቅ መምህሩ ቀረብ ብሎ፣ ራቅ ብሎ አየው። “ዓይኗን እንዴት አድርገሽ አገኘሽው?” አለኝ በመጨረሻ። “እኛን አልፎ ሌላ ቦታ ያያል።” በኩራት አበጥኩ። ይህን ምስጋና ዛሬ ሳስታውሰው ራሴን ያመኛል።

የዐውደ ርእዩ ቀን እናቴና እትዬ ከአዋሽ በሌሊቱ አውቶቡስ ተነስተው ቀትር ላይ ደረሱ። ግቢው በር ላይ ከባጃጅ ሲወርዱ እትዬ የእናቴን እጅ ይዛት ነበር፤ ሁለት ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው መጡ ብዬ ፈገግ አልኩ። እናቴ አዲስ ድሪያ ለብሳለች፣ ሽቶ ተቀብታለች። “ሁሉም ሰው የሚያየኝ ነው የሚመስለኝ” አለች። “ያይሻል፣ ቆይ ብቻ” አልኳት። ስለ ሥዕሉ ለሁለቱም አልነገርኳቸውም፤ እትዬንም እንዳታወጣብኝ ብዬ ፎቶ አልላክሁላትም።

አዳራሹ ውስጥ ስትገባ በቀጥታ እንድታየው ብዬ ሥዕሉን ከበሩ ትይዩ፣ መጨረሻው ግድግዳ ላይ ነበር የሰቀልኩት። እትዬ ውኃ ልትጠጣ ቀረት ስትል የእናቴን እጅ እኔ ያዝኩና አስገባኋት። ፊቷን ነበር የማየው። ምንም የለም። አልደነገጠችም፣ አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም። ፈርታለች አልኩ። ወደፊት ወሰድኳትና ከገዛ ፊቷ ፊት አቆምኳት። ሰዉ እናትየዋ መሆኗን አውቆ ቦታ ለቀቀልን። አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል።

“ይኸው እማ” አልኩ።

ቀና አለች። ፈገግ አለች። “ማሻአላህ!” አለች። “ዛፉን እንዴት አድርገሽ አሳመርሽው፣ ልጄ!”

እናቴ ተጫዋች ናት፤ ቀልድ መሰለኝና ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። “ቅጠሉ” አለች ወደ ሥዕሉ እጇን ዘርግታ፣ “ቅጠሉ ሁሉ ተለይቶ እየታየ።”

ያን ጊዜ ዓይኗን አየሁት። የተሳለውና የእናቴ ዓይን ጎን ለጎን ነበሩ፤ ሁለቱም እኔን አልፈው ሌላ ቦታ ያያሉ። የስኳሩ ጣሳ፣ ብርጭቆው ውስጥ የሚገባው ጣት፣ ያችው አንዷ ማሻአላህ፣ በዒዱ ማግስት ሳትሸሽ የተቀመጠችልኝ አንድ ሰዓት፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። 

ከኋላችን አንዲት ልጅ ፍርስ ብላ ሳቀች፤ ጓደኛዋ ጎነተለቻት። እናቴ ሳቁን ሰማች። እንደተሳሳተች አወቀች፤ ምን ላይ እንደተሳሳተች ግን ማወቅ አልቻለችም። እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

“ዛፍ ነው አይደል፣ ልጄ?”

“አዎ እማ፣ ዛፍ ነው” አልኳት።

“ጥላ አለው?”

“አለው። ሰፊ ጥላ አለው።”

“አልሐምዱሊላህ” አለች፤ ትንፋሿም ተመለሰላት።

ከሰዓት በሙዚቃው ዝግጅት ክራር ይዤ ወጣሁ። ያን ቀን ድምፄ ተአምር ሠራ ብል ደስ ባለኝ። አልሠራም፤ ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተሰነጠቀብኝና የቀረውን ክራሩ ብቻውን ጨረሰው። እናቴ የፊት ወንበር ላይ ነበረች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ እያንዳንዱን ክር እየሰማች፣ እንባዋን በድሪያዋ ጫፍ እየጠረገች ከማንም በላይ አጨበጨበች። ከዚያ ትምህርት ቤት ከወሰድኩት ነገር ውስጥ ለእሷ የደረሳት ይኸው ነበር።

እትዬን ከአዳራሹ ጀርባ ወስጄ ያዝኳት። “ከመቼ ጀምሮ ነው?” አልኳት። ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችኝም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

“ሁለተኛ ዓመት ከገባሽ ጀምሮ እየደከመባት ነው” አለችኝ። “ካለፈው ክረምት ወዲህ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር የላትም። አትንገሪያት ብላ አስማለችኝ። እኔን ደግሞ በማን እንደምታስምለኝ አውቃ፣ በማርያም! እንዴት ልንገርሽ?”

“ሥዕሉን ያወረደችው ለዚህ ነው?”

“የቱን ሥዕል? የመስታወቱን? ኧረ አላወረደችውም። ጣሳ አወርዳለሁ ብላ ስትዳብስ በክርኗ መትታ ጣለችው። ስትለቅም መስታወቱ መዳፏን ቆረጣት፤ ወረቀቱንም ደም ነካው። ምን እላታለሁ ብላ ስታለቅስ ዋለች። ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች።”

በማግስቱ አብሬያቸው ወደ አዋሽ ተሳፈርኩ። ገዋኔ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ከተናገርኩ እንደምጮህ አውቄዋለሁ። አውቶቡሱ ለምሳ ቆሞ ሰዉ ሲወርድ እትዬም ወረደች፤ እኛ ሁለታችን ቀረን። እናቴ ቀድማ፣ “ነገረችሽ” አለች።

“አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?”

“እመጣ ነበራ!”

“ይኸው” አለች። “ለዚህ ነው።”

ጮህኩ። አውቶቡሱ ውስጥ የቀሩት ሁለት ሰዎች ዞረው እስኪያዩኝ ጮህኩባት። ልምጣ፣ ሻይ ልቅዳ፣ ምን አለበት፣ የፈለገው ይቅር፣ ማን ሥዕል ተማሪ ብሎ አስገደደኝ አልኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

“የኔ እናት ዓይኗ ሲጠፋ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ” አለች። ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀው ነገር ነው። “በማግስቱ ደብተሬን አስቀመጥኩ። ገበያ ስትሄድ እጇን ይዤ፣ ለቅሶ ስትሄድ እጇን ይዤ፣ ወንዝ ስትወርድ እጇን ይዤ። አባትሽ እስኪያገባኝ ድረስ የሷ ዓይን ሆኜ ኖርኩ። ክፉ እናት አልነበረችም፤ አላህ ይዘንላት። ግን የሰው ዓይን ሆኖ ማደግ ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። አንቺ ግን እንዲህ አይሆንብሽም አልኩ። በቃ። ወላሂ፣ እንደገና ቢመጣም እንደገና ነው የምደብቅሽ።”

አዳማ ወደሚገኝ የዓይን ሐኪም ወሰድኳት። ብርሃን እያበራ፣ ግፊቱን እየለካ ብዙ ቆየ። ከዚያ እሷን ውጭ አስቀምጦ ለብቻዬ ጠራኝ። የዓይን ግፊት ነው፣ በዘር ይሄዳል፣ አንቺም በየጊዜው ተመርመሪ አለኝ። የጠፋው አይመለስም። “ሲጀምራት መጥታ ቢሆን በጠብታ ይያዝ ነበር” አለ። “እንዲህ አይደርስም ነበር። ምን አቆያት?” ምን ብዬ ልመልስለት? እኔን ሥዕል ስታስተምር ነው የቆየችው ልበለው?  ወጥቼ፣ “ምን አለሽ?” ስትለኝ፣ “ጠብታ ሰጥቶሻል” አልኳት። ጠብታው የቀረላትን ያችን ብርሃንና ጨለማ እንኳ እንዳታጣ ነበር።

ተመረቅሁ። ስሜ ሲጠራ በጭብጨባው መሀል የእሷን እልልታ ለየሁት፤ ጆሮዬ ጎበዝ ነው ተብሎ የለ። ከዚያ ዕቃዬን ጭኜ አዋሽ ገባሁ፤ እዚያው አንድ ትምህርት ቤት ሥዕል ማስተማር ጀመርኩ። ዓይኗን ሰጥታ የሸሸችው ነገር በራሱ እግር ቤቷ ሲገባ ቀናት አላናገረችኝም። እትዬ ማኻል ሆና እያመላለሰች ታስታርቀን ነበር፤ “ጨው ታቀብለኝ በያት”፣ “ራሷ ታንሳ በያት” እየተባባልን። እናቴ ሲሰለቻት ታረቀችኝ።

ሥዕሉን ቤት አምጥቼ ከአልጋዋ ትይዩ ሰቀልኩት። የሚደበቅ ነገር ስለሌለ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዛፍ እንዳልነበረ፣ ፊቷ እንደነበር፣ ሐራም ነው ብላ የጠላችብኝ መስሎኝ ዓመታት ሙሉ ዛፍ ስስል እንደኖርኩ።

“እኔ?” አለች። “እኔ ሐራም ነው ብዬሽ አውቃለሁ? ያቺን የመጀመሪያዋን እኮ ለሹፌር ሁሉ ‘ልጄ ናት የሳለችኝ’ እያልኩ ሳሳይ ነበር።” ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ አለቀባት። “በይ ንገሪኝ” አለች። “ምን አድርገሽ ሳልሽኝ?”

“ሻሽሽ ነጭ ነው፣ ባንድ ወገን ወደ ትከሻሽ ወርዷል። እጆችሽ ጭንሽ ላይ ናቸው።”

“ፊቴስ?”

መምህሩ ያመሰገነውን፣ ለወራት የደከምኩበትን፣ እንደተማርኩት አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ግንባርሽ ላይ መስመሮች አሉ፣ የከንፈርሽ ጥጎች ወርደዋል፣ ከዓይንሽ ሥር ጠቆር ብሏል፣ ከሻሽሽ ሥር የወጣው ፀጉር ነጭ ነው አልኳት።

 እጇን አንስታ ግንባሯን ዳበሰች። ከዚያ ከሻሿ ሥር ያለውን ፀጉር በሁለት ጣቶቿ ያዘች፣ ቀለሙን በጣት መለየት የሚቻል ይመስል።

“ነጭ?” አለች።

“ነጭ።”

“መቼ ነው እንዲህ ያረጀሁት?”

እኔ ስማር ነው እማ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። “ቀለም አብዝቼበት ነው” አልኳት።

“ዋሾ” አለች። “እናቴን መስያለሁ በይኛ።”

የዐስር አዛን አለ። ተነሳችና እጇን ወደ አየሩ ዘረጋች፤ እንደምይዛት ታውቃለች። አይሆንብሽም ያለችኝን ሆኜ፣ እጇን ይዤ ወደ ውዱእ ውኃው ወሰድኳት።